ቤቱ ተሠርቶ ቤተሰቡ እንዳይፈርስ

ባለፈው ዓመት፣ የመካነ ሰላም ብርድ በጠናበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ወጣት ባልና ሚስት ወደ ቤታችን መጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የምጽፍላችሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አላቸው፤ የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ባል መምህር ነው፤ ሚስት እንጀራና ዳቦ እየጋገረች ትሸጣለች። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ “ጸልዩልን” አሉን። ስለ ጤና ወይም ስለ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ቪዛ ኖሯል! እርሷ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዳ ሁለት ዓመት ልትሠራ፣ በገንዘቡም ቤት ሊሠሩ ተማክረዋል።

መጋቢው ባለቤቴ ዝም አለ። እኔም ወዲያው መልስ አላገኘሁም። “አትሂጂ፤ ጌታ ያዘጋጃል” ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን እኛም ለዓመታት ተከራይተን ኖረናል። አከራይ “ልጄን ልድር ነው፤ ቤቱን ልቀቁልኝ” ሲል ሆድ እንዴት እንደሚብስ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጸሎቱ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበውን ሰው በምሳሌ ሲያነሣ፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለ ማስላት አስተምሮናልና።

እስቲ እናንተም ከእኛ ጋር አስሉ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ይህም ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ የልጅ ልብስ ይነሣል። በወሩ መጨረሻ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ የሚተርፍ ስንት ነው? በሌላ በኩል፣ በሰው ቤት ተቀጥራ በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህት አለች እንበል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ይህ ገንዘብ በባንክ ሲመነዘር 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በዚያ ወር የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ከ35 ሺህ ብር በላይ ነው። የእህታችን ድካም አልጨመረም፤ የአሠሪዋም ቸርነት አልጨመረም። የብሩ አቅም ግን ወረደ። በከተማችን አንድ ቤት ለሽያጭ ሲወጣ በብር የሚኖረውና ከውጭ የሚላክለት ሰው እኩል ቆመው ይጠይቃሉ፤ እኩል ግን አይገዙም።

ወገኖቼ፣ በቦረናም ሆነ በለጋምቦ፣ በወግዲም ሆነ በከላላ፣ አዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ስናይ “ማን ሠራው?” ብለን እንጠይቃለን። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ ነው፣ አለዚያም ዐረብ አገር ልጅ ያለችው ወላጅ ነው። መምህሩ፣ ነርሱና የቀን ሠራተኛው ተከራይ ናቸው። በከተማችን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም መምህራኑና ሠራተኞቹም ክፍል ይፈልጋሉና ፈላጊው በዝቷል።

አንዳንዶች “አዲስ አበባ ብንሄድ ኮንዶሚኒየም ይደርሰናል” ይላሉ። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ለብዙዎች ተስፋ መሆኑ እውነት ነው። በ2005 ዓ.ም. ግን በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብሮች የተመዘገበው ሕዝብ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ውስጥ ብዙው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም እየቆጠበ ጠባቂ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች የወጣው ዕጣም መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዟል። ዕጣ እየጠበቁ ያረጁ ባለትዳሮች አሉ። ስለዚህ ከተማ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዚያ ማታ የተነጋገርናቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቦታውን በሕጋዊ መንገድ ፈልጉ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥ ይደነግጋል። በከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በእጅ ጽሑፍ ውል “መሬት ገዛሁ” የሚል ወንድም፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ አሸዋ ላይ አፈሰሰ ማለት ነው። ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይቆማል፤ በአንድ ማለዳም ይፈርሳል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ የከተማ ቦታ በጨረታና በምደባ እንዲሰጥ ደንግጓል። በጨረታ ባለ ደመወዝ ከነጋዴ ጋር መወዳደር አይችልም፤ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ መቆጠብና ተራ መጠበቅ ግን ይችላል። ይዘገያል፤ ቢሆንም የመምህሩ በር ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ የሁለታችሁም ስም ይጻፍ። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ነገር ግን ለክርክር ለምን በር ትከፍታላችሁ? በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ለዓመታት የላኩት ገንዘብ በወንድም ወይም በአባት ስም ቤት ሆኖ የጠበቃቸው እህቶች ነበሩ። በገዛ ላባቸው በተሠራ ቤት እንግዳ ሆኑ። ይህ በክርስቲያን ቤት ሊሰማ አይገባም።

ሦስተኛ፣ መሄድ የግድ ከሆነ የመመለሻው ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ። ጉዞው በሕጋዊ ውል እንጂ በደላላ፣ በጂቡቲና በየመን በረሃ አይሁን። ቤት ማለቂያ የለውም፤ ልስኑ ሲያልቅ አጥሩ፣ አጥሩ ሲያልቅ ሰርቪሱ ይመጣል። “ይህን ብቻ ጨርሼ ልምጣ” እየተባለ ሁለቱ ዓመት ስምንት ይሆናል። ልጅ እናቱን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያ ቤት ለማን ነው የተሠራው? ባል ሆይ፣ ሚስትህ በሰው ቤት ስትደክም አንተ ወጥ መሥራትና ልጅ ማጠብ ልታፍርበት አይገባም። የምትልከውንም ሂሳብ በየወሩ ጽፈህ አሳያት።

አራተኛው ቃል ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቤት የሠራውን ሰው ጠርተን እናመሰግናለን፤ ተከራዩን ግን በኅብረታችን መካከል እንዳልተባረከ ሰው እናየዋለን። ይህ ስሕተት ነው። አብርሃም በተስፋይቱ ምድር በድንኳን ኖረ፤ በዘፍጥረት 23 እንደምናነበው በ400 ሰቅል የገዛው የሣራን መቃብር ነበር። ለዚህ እምነቱን ማን አሳነሰበት? የምታከራዩ ወገኖችም አድምጡ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲኖረው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ በከተማችሁ ተግባራዊ ቢሆንም ባይሆንም፣ ጌታን የምትፈሩ አከራዮች ከዚህ ማነስ አይገባችሁም። ወጣቶችም፣ ጭቃ ለማቡካትና ለምርጊት በደቦ ብትወጡ ለአንድ ድሃ ቤተሰብ የብዙ ቀን የሠራተኛ ክፍያ ታተርፉለታላችሁ።

ወደ እንግዶቻችን ልመለስ። ያን ማታ ጸለይን፤ እርሷም ሄደች። “አትሂጂ” ለማለት አልደፈርኩም፤ አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ከመሄዷ በፊት ግን በሁለቱም ስም የባንክ ሂሳብ ከፈቱ፤ ማኅበር ገቡ፤ የመመለሻዋን ቀን ጽፈው አንዱን ቅጂ ለእኛ ሰጡን። ባልየው አሁን ሕፃኑን ይዞ ወደ ጉባኤ ይመጣል፤ እንጀራ መጋገርም ለምዷል። የማኅበራቸው ተራ ደርሶ ቦታውን ተቀብለዋል። የባሕር ዛፍ ቋሚውና ማገሩ ቆሟል፤ ቆርቆሮው ገና ነው። ባለፈው ዐርብ ሲደዋወሉ “ለቆርቆሮው ስድስት ወር ልጨምር ወይ?” ብላ ጠየቀችው። እርሱም “ቆርቆሮውን ቀስ ብለን እናለብሰዋለን፤ አንቺ ግን በቀንሽ ነይ” አላት።

ባሎች ሆይ፣ እናንተስ ይህን ለማለት ትደፍራላችሁ? ሚስቶችስ ይህን ቃል አምናችሁ ትመለሳላችሁ? ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተነጋገሩበት። እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።