ከጥቀርሻ የወጣ ብርሃን

በድስት ቂጥ ላይ የተለጠፈውን ጥቀርሻ ፍቀን እንጥለዋለን እንጂ ማን ይመረምረዋል? የጠቆረውም የወደቀበትን ብርሃን ከሞላ ጎደል ስለሚውጠው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ አገር በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በኤሌክትሪክ ነበልባል ከካርቦን የተሠራ ጥቀርሻ ያጣሩ ነበር። የሚፈልጉት እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን የካርቦን ቱቦዎች ነበር። ሲያጣሩ ግን ያላሰቡት ነገር ተለይቶ ወጣ። እነርሱም እድፍ ነው ብለው አልደፉትም። በአልትራቫዮሌት ጨረር ቢያዩት፣ አንዱ ክፍል ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ሌላው ቢጫ፣ ሌላውም ብርቱካንማ ሆኖ አበራ። እነዚህ ደቃቃን ዛሬ የካርቦን ነቁጦች ይባላሉ። የአንዱ ስፋት ከሚሊሜትር መቶ ሺሕኛ እጅ አይበልጥም። ዓይን የማያየውን ጨረር ውጠው፣ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ይመልሳሉ።

እኛሳ? በቤተ ሙከራ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ፈጥነን እንደመስሰውና የመጽሐፉን እንጽፋለን። እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ አድርጌ ሙሉ ማርክ አገኘሁ፤ ቁጥሩ ለምን እንደ ተለየ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በእኔ አስተያየት ይህ ራስን መስረቅ ነው። ስለዚህ መምህሮቻችን ያየነውን በእውነት ለጻፍን ማርክ ቢሰጡን፣ ወላጆቻችንም «ስንት አገኘህ?» ካሉን በኋላ «ምን አየህ?» ብለው ቢጨምሩልን ደግ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ እኛም ያልጠበቅነውን ነገር ከመድፋታችን በፊት አንድ ጊዜ አስተውለን እንየው።