የአጥር መድኃኒት ከእግሩ ይለካ

አጥር ለማጠር የተነሳ ሰው ሁሉን ነገር ይቆጥራል። ቋሚው ስንት፣ ማገሩ ስንት፣ ቆርቆሮው ስንት፣ ሚስማሩ ስንት ኪሎ እንደሚፈጅ ከአናጢው ጋር ያሰላል፤ አጣና ተራ ወርዶ ዋጋ ያማርጣል፤ ከጫኝና አውራጅ ጋር ይከራከራል። እንጨቱ እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው የሚቀባው መድኃኒት ግን ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሥራው ሊያልቅ ሲል «አንድ ጣሳ አምጡና ቀቡት» ይባላል፤ ወይም ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይመጣል። ቀቢውም ለዓይን ከሚታየው ከላይኛው ክፍል ይጀምርና ጣሳው ሲያልቅ ብሩሹን ያስቀምጣል። በዚያ ሰዓት ቋሚዎቹ ተተክለው፣ አፈሩም ተጠቅጥቆ ስላለቀ መድኃኒቱ በጣም የሚያስፈልገው የእንጨቱ ክፍል አንድ ጠብታ ሳይደርሰው ይቀራል። የመድኃኒቱ መጠን እንጨቱ ከመተከሉ በፊት መሰላት አለበት፤ ስሌቱም ከአጥሩ ፊት ሳይሆን መሬት ውስጥ ከሚገባው እግሩ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃው የወደቀው አጥር ራሱ ነው። ዘንበል ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተነቅሎ ሲታይ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ፀሐይ አክስላው፣ ተሰነጣጥቆም ቢሆን ሚስማር አላስገባ የሚል ጠንካራ ነው። ከጉድጓዱ ሥር የነበረው ጫፍም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የተበላው መካከሉ ነው፤ አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ልክ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ወደ ታች እስኪወረድ ድረስ እንጨቱ ቀጥኖ በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ ከላይ ያለው እንጨት ዝናብ ቢመታውም ቶሎ ይደርቃል፣ ጥልቁ ውስጥ ደግሞ አየሩ ያንሳል። ሁለቱ ተሟልተው የሚገኙት በወለሉ ልክ ነው። ምስጡም ቢሆን የሚመጣው በአፈር ውስጥ ነው፤ ምስጥ ከእርሻ እስከ ቤት ባስቸገረበት በምዕራብ ወለጋ፣ በነጆና በመንዲ አካባቢ የኖረ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጠላት በዚያ በር የሚገባ ከሆነ መድኃኒቱን ፊት ለፊት ማብላት በሩን ክፍት ትቶ መስኮቱን እንደ መቆለፍ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ የሚያሳስተን እሱ ነውና። 20 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ቁመት ያለው፣ ቋሚ ከቋሚ ተጠጋግቶ የታጠረ የአጣና አጥር እንውሰድ። ባለቤቱ ርዝመቱን በቁመቱ አባዝቶ 40 ካሬ ሜትር ይላል፤ ጠንቃቃ ከሆነ የጀርባውን ጨምሮ 80 ይላል። እንጨቱ ግን እንደ ግድግዳ ጠፍጣፋ አይደለም። 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጣና ዙሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ግማሽ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል። በ20 ሜትር ውስጥ 250 አጣና ይቆማል፤ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 157 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዓይን ከታየው 40 ካሬ ሜትር አራት እጥፍ ማለት ነው። ሸካራ እንጨት ላይ በብሩሽ የሚቀባ መድኃኒት በአንድ ሊትር 5 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብንል አንዱ ዙር ብቻ ከ31 ሊትር በላይ፣ ሁለት ዙር ደግሞ 63 ሊትር ያህል ይጠይቃል። 40 ካሬ ሜትሩን ብቻ ቆጥሮ በ8 ሊትር ሊጨርስ ያሰበ ሰው ወይ መሐል ላይ ያልቅበታል፣ ወይ መድኃኒቱን በውኃ ወይም በናፍጣ አቅጥኖ ኃይሉን ይገድለዋል። እግሩን ብቻ ስናሰላ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሬት ውስጥ የሚገባው 50 ሳንቲ ሜትርና ከወለሉ በላይ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር በ250 አጣና ሲባዛ 50 ካሬ ሜትር ነው፤ 20 ሊትር ሁለት ጊዜ አጥግቦ ይቀባዋል። ገንዘቡ ለ20 ሊትር ብቻ የሚበቃ ሰው ያንን መላው አጥር ላይ እንደ ጤዛ ከሚያርከፈክፈው ሁሉንም ለእግሩ ይስጠው።

በከተማ የበዛው የቆርቆሮ አጥር ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። እዚያ ዕድሜውን የሚወስኑት በየሜትሩ የቆሙት ቋሚዎች ናቸው። ለ20 ሜትር 21 ቋሚ ያስፈልጋል፤ ውፍረታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የእግራቸው ስፋት ተደምሮ ከ5 ካሬ ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ሊትር ገደማ ለአንድ ዙር ይበቃል፤ ለሁለት ዙርና ለተቆረጡት ጫፎች 3 ሊትር ቢያዝ አያንስም። ያ ሁሉ ቆርቆሮ ቆሞ የሚኖረው በዚህች 3 ሊትር ነው፤ ሳትታሰብ የምትቀረውም እሷ ናት።

ጫፎቹን ለብቻ ያነሳሁት በስፋታቸው አይደለም፤ የ21ዱም ቢደመር ሩብ ካሬ ሜትር አይደርስም። ነገር ግን ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ሲስብበት የኖረው ቀጫጭን ቱቦ ሁሉ የሚከፈተው በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው። ደረቅ ጫፍ ላይ መድኃኒት ሲፈስ አረፋ እያወጣ ሲጠጣ በዓይን ይታያል፤ ከጎኑ ቆዳ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፤ ጠጥቶ እምቢ እስኪል ድረስም መደጋገም ነው። ከዚህ የተነሳ ከብሩሽ ይልቅ እግሩን በርሜል ውስጥ አቁሞ ማሳደር ይሻላል። ለዚያ የሚሆነው መጠን ደግሞ በወረቀት ስሌት ብቻ አይገኝም፤ አንድ እንጨት ለናሙና አቁሞ መድኃኒቱ ከየት ወደ የት እንደወረደ በርሜሉ ላይ ምልክት ማድረግና በቋሚዎቹ ብዛት ማባዛት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጡ ተልጦ ጥላ ውስጥ በደረቀ እንጨት ነው። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውስጡ ውኃ ስለሞላ መድኃኒት ማስገቢያ ቦታ የለውም።

«እንጨት ርካሽ ነው፤ ሲበሰብስ ይለወጣል» የሚል አለ። የሚለወጠው ግን እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ሚስማሩ ይጣመማል፣ ጉድጓዱ እንደገና ይቆፈራል፣ አናጢው እንደገና ይከፈላል። እንጨትን ያለ መድኃኒት የመትከሉ ልማድ የመጣው በጥድና በወይራ ይታጠር ከነበረበት ዘመን ይመስለኛል። የሐበሻ ጥድ ቀይ ልቡ በራሱ ምስጥንና መበስበስን የሚቋቋም ነው፤ መድኃኒት ሳይነካው ዘመን ይቆጠርበታል። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ተመናምኖ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍ ሲገባ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቀጥ ያለና ለሁሉም የሚዳረስ እንጨት አገኘን። ለአጥር ተብሎ በለጋነቱ የሚቆረጠው አጣና ግን አብዛኛው አካሉ ልብ ያልሆነው ነጭ እንጨት ነው፤ አፈር ውስጥ ራሱን መከላከል አይችልም። እንጨቱ ተለወጠ፣ አተካከላችን ግን የጥዱ እንደሆነ ቀረ። ደግነቱ ያው ነጭ እንጨት ሲደርቅ መድኃኒት በደንብ ይጠጣል።

የተቃጠለ ዘይትን የሚደግፈው ወገን ክርክሩ ጠንከር ያለ ነው፤ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይገኛል፣ አባቶችም ተጠቅመውበታል። ዘይቱ ለተወሰነ ጊዜ ውኃ እንደሚገፋ አልክድም። ፈንገስን ወይም ምስጥን ለመከላከል ተብሎ የተዘጋጀ ግን አይደለም፤ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ያጠራቀመውን ብረታ ብረትና ለካንሰር የሚዳርግ ውሁድ ይዞ ጎመኑና ጌሾው ወደሚበቅልበት አፈር ይሰርጋል። እግሩን በእሳት መለብለብም የቆየ ዘዴ ነው፤ ከሰሉ ራሱ አይበሰብስም፣ ነገር ግን ስስ ነው፤ ፈንገሱና ምስጡ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሲሚንቶ መትከል ይበቃል ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ ያልታከመ እንጨት ኮንክሪት ውስጥ ሲቆም ኮንክሪቱ እንደ ኩባያ ውኃ ያቁርለታል። ሲሚንቶ ካስፈለገ እንጨቱ አስቀድሞ ይታከም፣ ከሥሩም ጠጠር ይነጠፍለት።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ መድኃኒቱም ራሱ መርዝ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀለበት መድኃኒት በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንጨት ከሚውልበት ገበያ በ2003 መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣው በዚሁ ስጋት ነበር። ቦሮን ያለባቸው ደግሞ ለሰው የቀለሉ ቢሆኑም በዝናብ ታጥበው ስለሚወጡ ለአፈር ውስጥ እንጨት አይሆኑም። ስለዚህ ገዢው ጣሳው ላይ መሬት ለሚነካ እንጨት እንደሚሆን የተጻፈ መሆኑን ማንበብ፣ ጓንት ማድረግ፣ እስኪደርቅም ልጅና ዶሮ ማራቅ አለበት። ይሁንና ይህ ስጋት አስቀድሞ ማስላትን ይበልጥ የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። በግምት የተገዛ መድኃኒት ሲተርፍ ወይ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ወይ በለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጦ መደርደሪያ ሥር ይቀመጣል፤ ልጅ የሚመረዘው እንዲህ ካለው ጠርሙስ ነው። ቋሚው ተቆጥሮ፣ እግሩ ተለክቶ፣ ናሙናው ታይቶ የተገዛው መድኃኒት ግን ሥራው በሚያልቅበት ቀን አብሮ ያልቃል። ባዶው ጣሳም ተበስቶ ይወገዳል እንጂ ለውኃ መቅጃ ተብሎ አይታጠብም።