ዝተቱ ሳሎን ገባ፤ ሸማኔውስ?

መቼም በዚህ ዘመን “ባህላዊ ጥግ” የሌለው ሳሎን ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ከሶፋው ማዶ ሁለት ሦስት ዱካ፣ መሶብ፣ ረከቦት ይደረደራል፤ ግድግዳው ላይ ጋሻና አገልግል ይሰቀላል። ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ የሠርግ አዳራሹም እንደዚያው ነው። የራስን ማክበር ጥሩ ነው፤ እኔም አልቃወምም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዕቃው ሳሎን ሲገባ የሠራው ሰው የት ቀረ?

የምጽፈው ስለማውቀው አገር፣ ስለ መንዝ ነው። የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም። የጓሳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የመንዝ ሰው ቤቱን ያሰናዳው ለዓይን ብሎ ሳይሆን ለብርዱ ብሎ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ መቀመጫው መደብ፣ መደቡ ላይ አጎዛ፣ ማታ ባናና ዝተት፣ ወንዱ ከቤት ሲወጣ ደግሞ በርኖስ። ሁሉም ከዚያው ከደጁ የተገኘ ነው። የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ሸማኔው ጋ የሚደርሰው። አንድ ዝተት ውስጥ የስንት ሰው እጅ እንዳለ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ጓሳውም ቢሆን ዝም ብሎ የበቀለ ሣር አይደለም። ነዋሪው ራሱ ባወጣው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። እንግዲህ አንድ የሣር ክዳን እንኳ ከኋላው ሕግና ሥራ አለው ማለት ነው።

“ታዲያ ወደ ሣር ቤት እንመለስ ነው የምትለው?” የሚለኝ አይጠፋም። እንደዚያ አልወጣኝም! ቆርቆሮ በምክንያት ነው የገባው። ሣር ክዳን እሳት ይፈራል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። የሣር ቤት ናፍቆት የሚበረታው ክረምቱን እዚያ ውስጥ ባላደረ ሰው ላይ ነው። ብርድ ልብሱም እንዲሁ ነው። የፋብሪካው ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አይኮሰኩስም። ባና ከአልጋ ላይ ቢወርድ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

ነገር ግን ከአልጋ መውረድ ማለት መሞት ማለት አይደለም። የአሜሪካን ደቡብ ምዕራብ እንይ፤ ኒው ሜክሲኮና አሪዞናን። በፊልም የምናየው የካውቦይ ቤት፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ባለጥለት የሱፍ ምንጣፍ የናቫሆ ሕዝብ ሥራ ነው። የናቫሆ ሴቶች ድሮ የሚሸምኑት የሚለበስ ብርድ ልብስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲመጣ ሥራቸው ሊጠፋ ሆነ። ያኔ ከነጋዴዎች ጋር ሆነው እዚያው ሱፍ ላይ ጥለቱንና መጠኑን ቀየሩ፤ የሚለበሰው የሚነጠፍ ሆነ። የሩቅ ከተማ ሰዎችም እየገዙ ቤታቸውን አስጌጡበት።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። ጥለቱ ሲወደድ ፋብሪካው ገለበጠው፤ ርካሽ ቅጂ ገበያውን ሞላ። ለዚህም ነው በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች ያልሠሩትን ዕቃ “የእነሱ ሥራ ነው” ብሎ መሸጥ የሚያስቀጣው። እዚያው ሳንታ ፌ ከተማ ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ በታሪካዊው ሰፈር ቤቶች የጭቃ ቤት መልክ እንዲይዙ ተደረገ፤ ዛሬ ብዙው ከላይ ጭቃ የሚመስል ሲሚንቶ ነው። መልኩ ቀረ፣ ጭቃ አቡኪው ቀረበት።

እኛስ ጋ? ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ካፌ ውስጥ “የመንዝ ዝተት” ተብሎ የተነጠፈውን ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ ከጀርባው የፕላስቲክ ክር ነው። በግ አላየውም! የጠየቅሁት አስተናጋጅም “ያው ባህላዊ ነው” አለኝ። ችግሩ ያለው እዚች “ያው” የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ያው አይደለማ! በፕላስቲኩ የሚከፈለው ብር ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ሞላሌ አይሄድም። ጠጉሩ ዋጋ ካላወጣ በጉ ለሥጋው ብቻ ይረባል፤ ፈታይዋ እንዝርቷን ታስቀምጣለች፤ የሸማኔው ልጅም ሙያውን አይወርስም። ሙያ ደግሞ አንዴ ከተቋረጠ እንደ ዕቃ ከሱቅ አይገዛም።

“እውነተኛው ዝተት ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል” ይባላል። እውነት ነው። ግን ወለል ላይ ሲነጠፍ ማን ላይ ይኮሰኩሳል? ክብደቱም ለምንጣፍ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ዋጋው ቢበዛ ትልቁን የማይችል ትንሹን ይግዛ፤ ሸማኔውም ለኮንዶሚኒየም ሳሎን በሚሆን ልክ ይሥራ። የናቫሆዎቹ ብልሃት ይኸው ነበር እኮ።

ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የተለየ ድርሻ አለን። በዓል በመጣ ቁጥር ስቱዲዮው በመሶብና በዱካ ይሞላል፤ አቅራቢው “ባህላችን እንዴት ደስ ይላል!” ብሎ ያልፋል። ይሄ ዘገባ አይደለም፤ ጌጥ ነው። ነገ ማይክሮፎኑ እጃችን ሲገባ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ዕቃ የት ተሠራ? ማን ሠራው? ለሠራውስ ስንት ደረሰው? ባለቤቱ መልስ ካጣ ዜናው ያለው እዚያው ላይ ነው።