«ኮምፕሌን» የሚለውን ቃል ስለ መማር



የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ እርሷም «ኮምፕሌን» ናት። ብዙዎቻችን ትርጉሟን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቅ ይመስለናል። እኔም በበኩሌ ይመስለኝ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለሁ በደብተሬ በግራ በኩል «ኮምፕሌን»፣ በቀኝ በኩል «ማጉረምረም» ብዬ ጽፌ፣ በመካከላቸው የእኩል ይሆናል ምልክት አድርጌ፣ በቃሌ አጥንቼ በፈተና ሙሉ ማርክ አግኝቼባታለሁ። ከዓመታት በኋላ በሕክምና ትምህርት የበሽተኛን ታሪክ መጻፍ ስጀምር የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር «ቺፍ ኮምፕሌይንት» የሚል ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ በደብተሬ ትርጉም ከሄድን «የበሽተኛው ዋና ጉርምርምታ» ማለት ነው።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንሁበት ነበር። ዳሩ ግን ከቃሏ በስተኋላ የሰው ጤንነት ስላለበት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ቃሏ ከላቲን የመጣች ናት። ሥሯ «ፕላንጌሬ» የሚል ሲሆን ትርጉሙም መምታት፣ በተለይም በሐዘን ጊዜ ደረትን መምታት ነው። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በለቅሶ ላይ ደረቷን የምትደቃ እናት «ታጉረመርማለች» የሚል ማንም የለም፤ ሐዘኗን ታወጣለች እንላለን እንጂ። ከዚሁ ሥር የበቀለው ቃል አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ «ፕሌንቲፍ» ከሳሽ፣ «ኮምፕሌይንት» ደግሞ የክስ አቤቱታ ሆነ። ሌላው ቅርንጫፍ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ በሽተኛው የሚናገረው ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም በሽታው ራሱ ማለት ሆነ። ማጉረምረምም ከትርጉሞቹ መካከል አለ፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

ቃሏ በየትኛው ትርጉም እንደ ቆመች የሚነግሩን ጎረቤቶቿ ናቸው። «ኦፍ» ቢከተላት ነገሩ ብዙውን ጊዜ ሕመም ነው። «አባውት» ቢከተላት ቅሬታ ነው፤ ስለ ምግቡ ወይም ስለ መኝታ ክፍሉ ማለት ነው። «ቱ» ቢከተላት አቤት የተባለለት ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ይመጣል። ስለዚህ በ«ኦፍ» የተጻፈለት በሽተኛ ራሴን አመመኝ አለ እንጂ በማንም ላይ ስሞታ አላቀረበም። ይህን ልዩነት የእኩል ይሆናል ምልክት ሊያስተምረን አይችልም።

በዚያው ወረቀት ላይ «ዲናይ» የምትባል እኅትም አለቻት። በሽተኛው ትኩሳት እንደሌለው ሲነግረን በዚህች ቃል እንጽፋለን። በእንግሊዝኛው የሐኪሞች ልማድ «የለብኝም አለ» ከማለት አታልፍም። እኛ ግን በደብተራችን «መካድ» ብለን ስላጠናናት፣ የካደ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚያውቀውን የደበቀ ሰው ስለ ሆነ፣ በሐሳባችን ክስ ትጨምርብናለች። ቀኑን ሙሉ ሰዎች ሲያጉረመርሙና ሲክዱ የሚጽፍ ተማሪ ከዓመት በኋላ በሽተኛውን በምን ዓይን እንደሚያየው እያንዳንዳችን እናስብበት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የደምቢያ ዋና ከተማ ቆላ ድባ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣና በስተሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ስለዚህ ይህ ተቋም የቆመው የደምቢያ ገበሬ «ንዳድ ያዘኝ» ሲል የሚሰማው ሰው እንዲኖር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ትምህርቱ ግን ያን ጊዜም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው።

የደምቢያ ሰው ሕመሙን ሲናገር ቃል አያጥረውም። «አባቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብለን ስንጠይቅ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጎኔን ይወጋኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ራሴን ይጠዘጥዘኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል እያለ ለይቶ ያስረዳል። የሚወጋና የሚቆርጥ ሕመም ለሐኪም አንድ አይደለም። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው እንጂ ስለ ልቡ አይደለም። እኛ ግን ይህን ሁሉ ሰምተን «ፔይን» ብለን በአንዲት ቃል እንዘጋዋለን። እንግሊዝኛው ቃል አጥቶ አይደለም፤ ለሚወጋውም፣ ለሚቆርጠውም፣ ለሚጠዘጥዘውም የየራሱ ቃል አለው። «ፔይን እኩል ይሆናል ሕመም» ብለን እዚያው የቆምነው እኛው ነን።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። መምህራኖቻችን እንደሚያስተምሩን፣ «ቺፍ ኮምፕሌይንት» በበሽተኛው በራሱ ቃል መጻፍ አለበት። የበሽተኛው ቃል አማርኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሕጉን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ እናፈርሰዋለን። በሽተኛው ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲላክም አብሮት የሚሄደው የእኛ «ፔይን» እንጂ የእርሱ ቃል አይደለም።

ይህን ስል እንግሊዝኛ ይቅር ማለቴ አይደለም። የሕክምና መጻሕፍትና መጽሔቶች በብዛት በእርሱ የተጻፉ ስለ ሆኑ እንግሊዝኛን የማያውቅ ሐኪም ከዓለም ዕውቀት ይነጠላል። በሌላው ወገን ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን የሚሉ ጓደኞች አሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ክርክር ነው። እኔ የምለው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ በሽተኛው አይጠብቅም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እኛ ተማሪዎች ቃልን ከነዓረፍተ ነገሩ እናጥና። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚተረጉመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፣ መምህራን በፈተና የቃልን ምትክ ከመጠየቅ ይልቅ አገባቡን እንዲጠይቁን በአክብሮት እለምናለሁ። ሦስተኛ፣ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ በሽተኛው ያለው በግዕዝ ፊደል እንዳለ ይጻፍ፤ እንግሊዝኛው ከሥሩ ይከተል። ማኅበራችንም ተማሪዎች ከደምቢያና ከሌላውም ወረዳ የሚሰሙትን የሕመም ቃላት ሰብስቦ በትንሽ መጽሐፍ ቢያወጣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ይሆናል።

የሕግና የግብርና ተማሪዎችም ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ባለ ጉዳይም አቤት የሚለው፣ ገበሬም ስለ መሬቱ የሚናገረው በራሱ ቃል ነው። በቃላችን አጥንተን የያዝነው የእንግሊዝኛ ቃል ያን እንዳንሰማ ካደረገን፣ ተማርን ማለት አንችልም።

አንድ የሕክምና ተማሪ