የዶሮአችን ደም በማን ልክ ይሰፈር?

ስለ ዶሮ ደም መጻፍ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሥራ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። ነው እንላለን፤ ክርክራችን ስለ ደሙ ሳይሆን ስለ መስፈሪያው ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮ ሕመሟ በግልጽ ሳይታይ ጤንነቷን ለመመርመር ከክንፏ ሥር ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ገብቶ ሲሽከረከር ቀይ ሕዋሳቱ ወደ ታች ይረጋሉ፤ የነዚህ ድርሻ በብዙ መጻሕፍት ከመቶ ከ22 እስከ 35 ነው ይባላል። ነጮቹ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ግሮስና ሲግል በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ሄትሮፊል የተባሉት ሕዋሳት ከሊምፎሳይቶቹ አንጻር ሲበዙ ዶሮዋ በጭንቀት ላይ እንዳለች ያመለክታሉ። (ለሰው ደም የተሠራው መቁጠሪያ እዚህ ብዙ አይረዳም። የዶሮ ቀይ ሕዋስ እንደ እኛ ሳይሆን ኒውክሊየስ ስላለው መሣሪያውን ያሳስተዋል። ስለዚህ ሥራው የዓይንና የትዕግሥት ነው።)

እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ነገር ግን መጻሕፍቱ «ጤነኛ» የሚሉት ልክ በአብዛኛው የተወሰደው በቤት ተዘግታ የተመጠነ መኖ ከምትበላ የንግድ ዶሮ ነው። የሆሮ ዶሮ፣ ገብስማዋ፣ አንገተ መላጣዋ ግን ጓሮ ጭረው የሚያድሩ ናቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ቀይ ሕዋስ መብዛቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። እንግዲህ አንዲት የደጋ ዶሮ ኮክሲዲዮሲስ አንጀቷን አድምቶት ከራሷ ልክ በብዙ ብትወርድ እንኳ፣ በመጽሐፉ አሐዝ ውስጥ ስለምትገኝ ደህና ነች ተብላ ትለቀቃለች። ጎረቤቶቿም ከእርሷ ጋር ይበላሉ፣ ይጠጣሉ።

ዝርያን ከዝርያ ማወዳደርማ የባሰ ነው። ሳሶን መኖ እየሰፈሩላት፣ ሆሮን ደጅ ለቀው፣ ከዚያ የሁለቱን ደም ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህች ትሻላለች» ማለት መኖን ከጭሮ መብላት ጋር ማወዳደር እንጂ ዝርያን ማወዳደር አይደለም። አውራው ከሴቷ ይልቅ ቀይ ሕዋስ እንደሚበዛበት፣ እንቁላል የምትጥለዋም በደሟ ውስጥ ካልሲየም እንደሚጨምር እየታወቀ፣ ሁሉን በአንድ አማካይ ቁጥር መጠቅለልስ ምን ይባላል? በ2014 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተጀመረው የዶሮ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም ዝርያዎቹን በገበሬው ጓሮ መፈተኑን የምንወድለት ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ደብተሩ በእናቱ ዶሮ የተገዛለት ብዙ ነው። «የተሻሻለች» የተባለችውን በብድር ገዝታ፣ ፈንግል ሲገባ ባዶ ቆጥ የምታይ እናት፣ የዝርያው ብርታት የት ቦታ እንደ ተለካ ብትጠይቅ መልስ ይገባታል።

የግብርና ጓደኞቻችን አስቀድመው የጤነኞቹን የአገር ዶሮዎች ልክ በደጋም በቆላም ይለኩልን። ሠንጠረዡን ሲያወጡም ዕድሜዋን፣ ፆታዋን፣ የበላችውን፣ የቦታውን ከፍታና ወሩን ይጻፉበት፤ በአማርኛ ከሆነ እኛም እናነበዋለን።