የሻንጣው ባለቤትና ተሸካሚዋ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሰገነቶች ላይ የተደረደሩት የሳተላይት ሳህኖች ማታ ማታ ወደየቤቱ የሚያመጡት የአደንዛዥ ዕፅ ታሪክ የሌላ አገር ታሪክ ነው። ሄሮይን የሚነሳበት ፊልም አለቃ አያጣም፤ በዶላር የታጨቀ ቦርሳ፣ የመኪና ግልቢያና ተኩስም አያጣም። ከእነዚሁ ሕንፃዎች በእግር የሚደረሰው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ግን ሌላ ታሪክ ያውቃል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ተከሶ ችሎት ፊት የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ አለቃው አይደለም። ቦሌ ላይ የተያዘው ተሸካሚ ነው።

ሲኒማ ለአለቃው ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «አሜሪካን ጋንግስተር» የሃርለሙን የሄሮይን ነጋዴ ፍራንክ ሉካስን በዴንዘል ዋሽንግተን አካል ሲያቀርበው፣ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው የሰውየውን ግርማ ሞገስና የፀጉር ካፖርቱን ነው። መርፌ ክንዳቸው ላይ እንደተሰካ የሞቱት በጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» አምስት ኦስካር አግኝቷል፤ ዛሬም ድረስ የሚወራለት በመኪና ማሳደዱ ነው። የስኮትላንዱ «ትሬንስፖቲንግ» ከእነዚህ ይሻላል፤ የኤደንብራ ሱሰኞችን ደስታም፣ በቸልታቸው የሞተውን ሕፃንም አብሮ ያሳያል። ሄሮይኑ እዚያ ክፍል እንዴት እንደደረሰ ግን ብዙም አይጠይቅም።

ይህን የጠየቀ ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጆሹዋ ማርስተን «ማሪያ ፉል ኦፍ ግሬስ» የ17 ዓመት ኮሎምቢያዊት ታሪክ ነው። ማሪያ የምትሠራው አበባ እርሻ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጽጌረዳ ግንድ ላይ እሾህ ትመለምላለች። ደመወዟ ቤተሰብ ይመግባል። አርግዛለች፤ ከአለቃዋ ጋር ተጣልታ ሥራውን ትለቃለች። ከዚያ በኋላ 62 የሄሮይን ጥቅልሎች ውጣ ወደ ኒውዮርክ ትበራለች። አብራት ከሄደችው አንዷ ሆዷ ውስጥ ጥቅልሉ ፈንድቶ ትሞታለች። ፊልሙ አንድም የሚደነቅ አለቃ የለውም። ማሪያን ሆና የተጫወተችው ካታሊና ሳንዲኖ ሞሬኖ በመጀመሪያ ፊልሟ ለኦስካር ታጭታለች።

ሆለታ፣ ሰበታና ዝዋይ ያሉትን የአበባ እርሻዎች ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ፊልም ሩቅ አይደለም። የእነዚያ እርሻዎች ሠራተኞች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያልሙትም ብዙ ናቸው።

መንገዱም ሩቅ አይደለም። ከአፍጋኒስታን የሚነሳው ሄሮይን አንዱ መውጫው በኢራንና በፓኪስታን ጠረፍ በኩል የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። «ዳርዊን» የተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ከኬንያ ጠረፍ ማዶ አንድ ጀልባ ፈትሻ፣ ከሲሚንቶ ከረጢቶች መሀል 1,032 ኪሎ ግራም ሄሮይን አግኝታለች። የሞምባሳዎቹ የአካሻ ወንድማማቾች በዚሁ ንግድ ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፤ ባክታሽ አካሻ እ.ኤ.አ. በ2019 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አዲስ አበባ ደግሞ የአየር መገናኛ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ የደቡብ አሜሪካው ኮኬይን ወደ እስያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲሻገር በቦሌ የሚያልፍበት ዕድል ሰፍቷል። ኮኬይን ውጠው ወይም በሻንጣ ሸሽገው ቦሌ ላይ የተያዙ መንገደኞች ዜና ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም።

በእኛ ታሪክ ውስጥ ግን በማሪያ ታሪክ የሌለ ነገር አለ። ማሪያ የዋጠችውን ታውቃለች። እኛ ዘንድ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የታሸገ መድኃኒት «ለልጄ አድርስልኝ» ተብሎ ይሰጠዋል። የሚሄደው ሰው አልቀበልም ካለ ያስቀይማል፤ ልፈትሸው ካለ ደግሞ የባሰ ያስቀይማል። የተሰጠውን ሳይነካ ማድረስ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። አዘዋዋሪው የሚገባው በዚህች በር ነው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት በቻይናዋ ጓንግዡ አውሮፕላን ማረፊያ በኪሎ የሚቆጠር ኮኬይን ሻንጣዋ ውስጥ ተገኝቶ ታሰረች። ዕፁ የነበረው የሻምፑ ጠርሙሶች ውስጥ ነው። ቤተሰቧ እንደተናገረው ጠርሙሶቹን የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት። በቻይና የወንጀል ሕግ 50 ግራም ሄሮይን ያዘዋወረ ሰው ከ15 ዓመት እስራት አንስቶ እስከ ሞት ሊፈረድበት ይችላል፤ በብዙ የኮኬይን መጠንም ቅጣቱ ያው ነው። ያኔ አገር ተንጫጫ፤ የድጋፍ ፊርማ ተሰበሰበ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ ሰጠ። ከዚያ ወሬው በረደ። ፊልም አልሆነም።

ኢትዮጵያዊ ፊልም ሠሪ አቅም አጥቶ አይደለም። ጄሲካ በሽር ሐረር አድጋ በ16 ዓመቷ ከአገር ወጣች፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ አሥር ዓመት ገደማ ከቀረጸች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 «ፋያ ዳዪ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም በሰንዳንስ አሳየች። ፊልሙ ስለ ጫት ነው። ጫት ሄሮይን አይደለም፤ በሕግም በጉዳትም አንድ ላይ መፈረጅ ስህተት ነው። ትምህርቱ ያለው በአቀራረቡ ነው። በጥቁርና ነጭ ምስል ቅጠሉን ከማሳ፣ ከሚቆርጠው እጅ፣ ሳይጠወልግ ለገበያ ለማድረስ ከሚጣደፈው ሠራተኛ ይዞ ይነሳል። አባቱ በሀራራና በምርቃና መካከል ሲለዋወጥበት ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ አለ፤ ባሕር ተሻግረው ለመሄድ የሚመካከሩ ወጣቶች አሉ። ማንንም አይሰብክም፤ ማንንም አያዋርድም። በስዊዘርላንዱ የኒዮን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘው ያለምክንያት አይደለም።

ከፍርድ ቤት መዝገብ ፊልም ማውጣትም አዲስ አይደለም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተጠለፈችን ልጅ እውነተኛ ክስ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ጠለፋን ባህል ነው ብሎ ያለፈ ብዙ ሰው፣ የልጅቷን ፊት ሲያይ ነገሩ ተገለጠለት። ባለ ሻንጣዋም እንዲህ ያለ ፊልም ያስፈልጋታል። የበርበሬው ከረጢት ሲታሰር፣ እናት ስትመርቅ፣ ጓደኛ «ይቺን ብቻ» ስትል፣ ጉምሩክ ሻንጣውን ሲከፍት፣ የሰጠው ሰው ስልኩን ሲዘጋ የሚያሳይ። የተጠቃሚውን መርፌ ዓለም በበቂ ሁኔታ ቀርጾታል፤ ይህን ግን ከእኛ በቀር የሚቀርጽ የለም።

የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች ካሜራቸውን ይዘው ወደ ልደታ ችሎት ቢመጡ፣ ጠበቆችንና የተፈረደባቸውን ቤተሰቦች ቢያናግሩ የሚጽፉት ያገኛሉ። እስከዚያው ድረስ መንገደኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሻንጣውን አንድ ላይ ሆኖ ያሽግ። «አድርሺልኝ» የተባለ ዕቃ ሁሉ፣ የእህትም ይሁን የጎረቤት፣ ባለቤቱ ባለበት ተከፍቶ ይታይ። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።