ሟርተኛ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ! መቼም አንድ ቀን ሳይደርስብህ አልቀረም። በመሥሪያ ቤትህ ስብሰባ ተደርጎ፥ አለቃው አዲሱን እቅድ አንብበው ጨርሰው፥ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «እሰይ» ሲል አንተ እጅህን አወጣህ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ክረምቱ ከገባስ መንገዱ ያስኬዳል ወይ?» ብለህ ጠየቅህ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከጎንህ የተቀመጠው ባልደረባህ በክርኑ ጎሸም አደረገህና «ምነው አንተ ሰው፥ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ብቻ ነው የሚታይህ?» አለህ። ተማሪም ከሆንህ ጓደኞችህ «ፈተናው ቀላል ነው» ሲሉ ገና ያላነበባችሁትን ምዕራፍ የቆጠርህላቸው ዕለት ያተረፍኸው ስም ያው ነው፤ ሟርተኛ! አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ነገሩ ለሁለታችሁም ነውና የኔ አይደለም ብለሽ አትለፊው።

አንተ ማታ በአልጋህ ላይ ሆነህ «እኔ እኮ ያየሁትን ነው የተናገርሁት፤ እውነት መናገር መቼ ነው ሟርት የሆነው?» እያልህ ትብሰለሰላለህ። ዛሬ የምንጫወተው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ላንተ ልፈርድ ነው ብለህ አትቸኩል። እኔም በዚሁ ስም ስጠራ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ አስቀድሜ የራሴን ገመና ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አብሮ አደጌ መርካቶ ከአንዲት ሻይ ቤት ቀጠረኝ። ፊቱ በደስታ በርቶ «እቁብ ወጣልኝ፤ ሱቅ ልከፍት ነው!» አለኝ። እኔ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቴ በፊት ጣቴን እያጠፍሁ መቁጠር ጀመርሁ። «የሱቁ ኪራይ አለ፤ ግብሩ አለ፤ ዕጣውን አስቀድመህ ወሰድህ እንጂ የየሳምንቱ ክፍያ ገና ብዙ ይቀርሃል። ገበያው ከቀዘቀዘ በምን ትከፍላለህ? ዋስ የሆኑልህ ሰዎችስ ምን ይሆናሉ?» አልሁት። ፊቱ ጠቆረ። «ተው እንጂ፥ አታሟርትብኝ!» ብሎ የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ተነሣ። እኔም ተቀየምሁና ከዚያ ወዲያ ሱቁን ረግጬ አላውቅም።

ወራት አለፉ፤ ያልሁትም ሆነ። ገበያው ቀዘቀዘ። ወዳጄ የእቁቡን ሳምንት ለመድፈን ዕቃውን ከገዛበት ዋጋ በታች ይሸጥ ጀመር፤ ያም አልበቃው ብሎ በአራጣ ተበደረ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ችግሩን ለጎረቤቱ፥ ለዘመዱ፥ ለእቁቡ ዳኛ ሳይቀር ሲነግር ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም። ፈልጌ አግኝቼ ለምን እንደ ደበቀኝ ብጠይቀው «አላልሁህም ወይ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም «የነገርኸኝ እውነት ነበር፤ ከነገርኸኝ በኋላ ግን ቀረህ» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ቃል አጥንቴ ድረስ ዘልቃ ተሰማችኝ። ሒሳቤ ልክ ነበር፤ ከሒሳቤ ግን ለወዳጄ አንዲት ሳንቲም ጥቅም አልወጣለትም። ይባስ ብሎ እርዳታ በፈለገበት ቀን ከእኔ እንዲሸሽ አደረገው።

ታዲያ ዝም ማለት ይሻል ኖሯል? አይደለም። ለዚህም መርካቶ ራሷ ምስክር ናት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ሀብት አመድ ሆነ። ሱቆቹ የተጠጋጉ፥ መተላለፊያውም የጠበበ በመሆኑ እሳቱን ለማጥፋት አስቸጋሪ እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። ነገር ግን የመርካቶ መተላለፊያ ጠባብ መሆኑን ከዚያ ሌሊት በፊት ያላወቀ ማን ነበር? ጆንያ ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ በዚያ ያለፈ ኩሊ ሁሉ በትከሻው ለክቶ ያውቀዋል። ማናችንም ብንሆን ከነጋ በኋላ አዋቂዎች ነን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እንግዲህ ክፉውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ለአንድ ገበያ እንደ ዘበኛ ያስፈልገዋል።

ይህ ከሆነ ሕዝቡ አስጠንቃቂውን ለምን ይጠላዋል? እውነቱን ስለ ጠላ ነው እንዳትል፥ እስቲ እድርን ተመልከት። ስለ ሞት እንደ እድር ደፍሮ የሚናገር ምን አለ? በየወሩ ቤትህ መጥቶ «አንተም፥ ቤተ ሰብህም፥ ጎረቤትህም አንድ ቀን ትሞታላችሁና ክፈል» የሚል ማኅበር እኮ ነው! ሆኖም የእድሩን ዳኛ «ሟርተኛ» ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እድር ስለ ሞት የሚያወራው ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ድስቱን አዘጋጅቶ ነው። በክፉው ቀን አብሮህ እንደሚቀመጥም ታውቃለህ። እኔ ለወዳጄ የነገርሁት ከእድሩ ዳኛ የከፋ አልነበረም፤ የጎደለኝ ድንኳኑ ነው።

ከታላላቆቹም አንድ ምሳሌ ልጨምርልህ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአውሮፓ ተምረው የተመለሱና በጉምሩክ ሥራ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በጽሑፋቸው ያገራቸውን ድካም አላባበሉም። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ፥ ባለዕውቀቱ የሠራውን እየገዛ ቢነግድ ንግዱ ራሱ እንደሚያደኸየው በ«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አስረድተዋል። ይህ ለጆሮ የሚጥም ነገር አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ የታተመውን «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለውን ድርሰታቸውን ብታነብ ጉድለቱን ቆጥረው ዝም አላሉም። የመንግሥቱ ሀብት ከንጉሡ ሀብት ይለይ፤ ግብር የታወቀ ልክ ይኑረው፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ ሕግና ገንዘብ ይስተካከል እያሉ መድኃኒቱን በየተራ ጽፈዋል። እሳቸው በ1911 ዓ.ም. ገና በጐልማስነታቸው ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከዚያ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «ያልሁት ሆነ» ብለው ለመኩራራት ዕድሜ አላገኙም፤ የጻፉትም ለዚያ አልነበረም።

ምናልባት «እኔ የማዝነው ከሌላው አብልጬ ስለማይ ነው» ብለህ ራስህን ታጽናና ይሆናል። ይህን ደስ የሚል አሳብ የሚደግፍ ነገር በሳይንስም ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎረን አሎይና ሊን አብራምሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተማሪዎችን ቁልፍ እያስጫኑ የአንድ አረንጓዴ መብራት መብራትና መጥፋት ምን ያህል በእጃቸው እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ልባቸው ያዘነው ተማሪዎች ግምታቸው ወደ እውነቱ ሲቀርብ፥ ደስተኞቹ ግን አንዳንድ ጊዜ በእጃቸው ያልሆነውን በእጃችን ነው አሉ። ሊቃውንት ይህን ለብዙ ዓመታት ሲጠቅሱት ኖረዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ብዙ ሰው ሰብስበው ሙከራውን ቢደግሙት ያው ውጤት አልወጣላቸውም። ስለዚህ ወዳጄ፥ ፊትን ማጥቆር ብቻውን የማስተዋል ምስክር ወረቀት አይሆንም።

እንግዲህ ሟርተኛና አስተዋይ በምን ይለያሉ? በመርካቶ፥ ሰው የጣለውን ብረትና ቆርቆሮ ሲያድሱ ከኖሩት ከምን አለሽ ተራ ሠራተኞች ተማር። አሮጌ በርሜል ሲቀርብለት ሠራተኛው አገላብጦ ያያል፤ ጣቱንም በቀዳዳው ይከታል። «ይኸ የዛገ ነው» ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ቀዳዳውን ሳያይ ቢገዛ ይከስራል። ነገር ግን ቀዳዳውን ብቻ አይቶ ቢሄድ ማታ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ከዝገቱ የተረፈው ስንት ምድጃ፥ ስንት ባልዲ እንደሚወጣው ያንጊዜውኑ በልቡ ያሰላል። አስተዋይ ማለት ሁለቱን የሚቆጥር ነው። እኔ በዚያች ሻይ ቤት የወዳጄን ወጪ እንጂ ትጋቱን፥ ቋንቋ አዋቂነቱን፥ ደንበኛ የመያዝ ችሎታውን በጣቴ አልቆጠርሁም። ግማሹን ሒሳብ ይዤ ነው እውነተኛ ነኝ ያልሁት።

ከዚህ በኋላ ለመናገር እጅህን ስታወጣ ሦስት ነገር አትርሳ። አንደኛ፥ ጊዜው ገና ሳለ ተናገር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ሁለተኛ፥ ከጉድለቱ ጋር ደኅናውንም ቁጠር። ሦስተኛ፥ ከማስጠንቀቂያው ጋር የምትሸከመውን ሥራ ጨምር። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ካልህ «ነገ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጬ አጣራለሁ» በል። አለቃ የሆንህም እንደ ሆነ ጋሪ ክላይን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2007 የጻፈውን ብልሃት ሞክር። ሥራው ሳይጀመር «እቅዳችን ወድቋል እንበል፤ ለምን ወደቀ?» ብለህ ሁሉም ምክንያቱን በወረቀት ይጻፍ። ሁሉም ከተጠየቀ ሟርተኛ የሚባል አይኖርም።

በዚህም ሁሉ «ሟርተኛ» የሚልህ አይጠፋም፤ ቻለው። አብሮ አደጌና እኔ ታርቀናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ቁጭ ብለን የሳምንቱን ገቢና ወጪ አብረን እንጽፋለን፤ ዕዳውም እየቀለለ ነው። ዛሬም «ተው፥ አታሟርት!» ይለኛል። የሚለው ግን እየሳቀ፥ ደብተሩንም እያቀበለኝ ነው።